አልካልዴ ፊት የቀረብኩ ጊዜ

ልጄ ባለፈው ሳምንት ከስፔን ተመልሳ ፎቶዎቿን ስታሳየኝ፣ አንድ አሮጌ ሕንፃ በር ላይ «አልካልዴ» የሚል ጽሑፍ አየሁ። «ቡርገሜስተር ማለት ነው እማ፣ ከንቲባ» አለችኝ።

«መጀመሪያ ግን ዳኛ ማለት ነበር» አልኳት። ከየት አመጣሽው ብላ ሳቀችብኝ።

ያመጣሁት እዚሁ ሆላንድ፣ ዴን ሃግ ከተማ፣ ላክ ከሚባል ሰፈር ነው። እንደመጣሁ ሦስተኛ ፎቅ ላይ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይቼ ነበር። ሕንፃውን የሚጠብቁት አንድ ስፔናዊ አዛውንት ነበሩ። የነዋሪውን ጠብ ሁሉ ስለሚፈቱ እውነተኛ ስማቸው ተረስቶ ሁሉም «አልካልዴ» ይላቸዋል። የሕንፃው ባለቤት የሚሰማው እሳቸውን ነው፤ ትውጣ ካሉ መውጣት ነው።

እኔ ደግሞ ጠዋት ጠዋት ሙቀጫዬን መሬት አስቀምጬ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል እወቅጣለሁ። የዚህ አገር ወለል ሳንቃ መሆኑን ማን ነግሮኝ! ከሥሬ የምትኖረው ሞሮኳዊት፣ ፋጢማ፣ ባሏ ሌሊት ዳቦ ቤት ሠርቶ የሚተኛው ያን ሰዓት ኖሯል። ጣሪያዋን በመጥረጊያ እንጨት ትደበድባለች። እኔ ቤቷን የምታሳድስ መስሎኝ ውቀጣዬን እቀጥላለሁ።

አንድ ብርዳም ቅዳሜ አልካልዴ ፊት ቀረብን። ፋጢማ አንጀቷ እስኪርስ በሆላንድኛ ከሰሰችኝ። እኔ ከካርቱም ይዣት የመጣሁት ዓረብኛ እንጂ የሆላንድ ቋንቋ አልነበረኝም። ሽማግሌው ሊፈርዱ ሲሉ ፋጢማ እጇን አነሳችና አንድ ነገር ነገረቻቸው። ወዲያው ወደኔ ዞራ በዓረብኛ ደገመችልኝ፤ «አልካልዴ የሚባለው ስም ከእኛው አልቃዲ የመጣ ነው፣ ዳኛ ማለት ነው። ቃዲ ደግሞ ሌላውን ሳይሰማ አይፈርድም አልኳቸው። ተናገሪ፣ እኔ እተረጉምልሻለሁ።»

ተናገርኩ። ቀን የሚተኛ ሰው መኖሩን እንደማላውቅ፣ ብወጣ መግቢያ እንደሌለኝ። ተናድጄም ስለነበር፣ ይህቺ ሴት ደረጃ ላይ በዓረብኛ ሰላም ስላት የማትመልስ ኩሩ ናት ብዬ ጨመርኩ። ፋጢማ ፊቷ ቀላ። መተርጎሟን ግን አላቆመችም። መጨረሻው ላይ ስትደርስ በጣቷ የራሷን ደረት ስትጠቁም አየኋት። ሽማግሌው ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው።

ክፍሌ ውስጥ እንድቆይ ተፈቀደልኝ፤ ውቀጣው ግን ከሰዓት በኋላ፣ ታች ግቢው ውስጥ እንዲሆን ተፈረደ። እዚያ ስወቅጥ ፋጢማ በመስኮት «ለእኔም ጨምሪልኝ» እያለች ዝንጅብል ትወረውርልኝ ጀመር።

ልጄ ይህን ስትሰማ ፎቶዎቿን ትታ ወደ እኔ ዞረች። «እማ፣ ያላልሽውን አለች ብላ ልታስወጣሽ ትችል ነበር እኮ።»

ትችል ነበር። ማንም አያውቅባትም ነበር፣ እኔም ጭምር። በዚህ አገር ብዙ ደግ ሰው ረድቶኛል፤ ሁሉንም አመሰግናለሁ። ከሁሉ አስቀድሜ የማመሰግነው ግን ልታስወጣኝ መጥታ ያስቀረችኝን ሴት ነው።