ሁለት ሰው የሚያነሳው መወጣጫ

ሰፈሩ በስሙ አይጠራውም፤ ትልቁም ትንሹም «ጨምርበት» ነው የሚለው። በያጅ ነው። መሰላል ያዘዘው፣ የሱቅ መደርደሪያ ያዘዘው፣ የበር መድረክ ያዘዘው ሁሉ ከአፉ የሚሰማው አንድ ቃል ነው፤ «ቆይ፣ ትንሽ ብረት ልጨምርበት።» ጎረቤቱ አናጢ «የዚህ ሰውዬ መሰላል ቤቱ ቢፈርስ እንኳ ብቻውን ቆሞ ይቀራል» እያለ ያሾፍበታል። እሱም አብሮ ይስቃል።

ሳቁ ግን ከአንገት በላይ ነበር። ከስምንት ዓመት በፊት የሚስቱ ወንድም እሱ በሠራው መሰላል ላይ ወጥቶ ነበር። ሰውዬው ቀለም ቀቢ ነው። አንድ ከፍ ያለ ግድግዳ ሲቀባ የመሰላሉ አንዱ ቋሚ መሃሉ ላይ እጥፍ አለና ይዞት ወረደ። ዳሌው ተሰብሮ አራት ወር ተኛ፤ ከዚያ ወዲህ ቀኝ እግሩን እየጎተተ ነው የሚሄደው። ማንም በያጁን አልወቀሰውም። ቀቢውም «ያጋጥማል» ብሎ ነገሩን ዘጋው። ቢሰድቡት ኖሮ ቀለል ይለው ነበር። ቀቢው እነሱ ቤት ይመጣል፣ ይበላል፣ ይጫወታል፤ ወደ ብየዳ ቤቱ ግን ድርሽ ብሎ አያውቅም። በያጁም ምክንያቱን የሚያውቅ ስለመሰለው ጠይቆት አያውቅም። ስስ ብረት ባየ ቁጥር ግን ሌላ ብረት ይደርብበታል።

አንድ ቀን ጠዋት መድኃኒት ቤት የምትሠራ ወጣት መጣች።

«ጋሼ፣ ለአባቴ መወጣጫ ፈልጌ ነበር። በራችን ላይ ሦስት ደረጃ አለ። ዊልቸሩን ማውረድ አቃተኝ።»

«በሲሚንቶ ለምን አታሠሪውም?»

«በሩን ከጎረቤቶች ጋር ነው የምንጋራው። የሚነሳ መሆን አለበት።»

ሄዶ ለካ። አባቷ ዕድሜ ልካቸውን የጭነት መኪና የነዱ ሰው ናቸው፤ ሕመም ጥሏቸው ከወገባቸው በታች አልታዘዝ ካላቸው አምስት ወር ሆኗል። በያጁ ሜትሩን ዘርግቶ ደረጃው ላይ ሲያጎነብስ ከበላይ ሆነው አዩትና «ስንት ቶን ይችላል?» አሉት።

«የፈለጉትን ያህል፣ አባባ።»

ያለውንም አደረገ። ወፍራም ላሜራ ዘረጋ፤ ዙሪያውን በአንግል ብረት ከበበው፤ ከሥሩ ደግሞ በየስንዝሩ አግዳሚ በየደበት። ከአናጢው ጋር ሆነው ላብ በላብ እየሆኑ አደረሱት። ዊልቸሩ ሲወርድበት ንቅንቅ አላለም። በያጁ ደረቱን ነፍቶ ተመለሰ።

በሳምንቱ በዚያ ሲያልፍ መወጣጫው ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል፤ የታጠበ አንሶላ ተሰጥቶበታል።

ልጅቷ ስታየው ደነገጠችና አንሶላውን ለመሰብሰብ ተጣደፈች። «ጋሼ፣ ጥንካሬውማ ምን ይወጣለታል! ግን ላነሳው አልቻልኩም። ጎረቤቶቼ ማልደው ነው የሚወጡት። ሁለት ወንድ ከየት አመጣለሁ?»

አባትየው ከውስጥ ሰምተዋል። «መኪናው ደህና ነው ልጄ፤ የከበደው መንገዱ ነው» አሉና ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ።

በያጁ ምሳ ቀርቦለት አልበላም። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ የስፌት ክፍሏና ብየዳ ቤቱ በአንድ ግድግዳ ነው የሚለያዩት። ነገሩን ሲነግራት ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል «አሳሳው» አለችው።

«ከሳሳ ይታጠፋል።»

«የት ጋ?»

«መሃሉ ላይ ነዋ!»

«ታዲያ መሃሉን አጠንክረው። እኔ ኮሌታ እንዲቆም ብዬ ሸሚዙን ሙሉ ማድረቂያ ሸራ አልከትበትም።»

ተነሥቶ ወደ ሥራው ገባ፤ መወጣጫውንም አስመጥቶ ፈታታው። ሰፊ ሜዳ የመሰለውን ላሜራ ተወና ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚሆኑ ሁለት ጠባብ መንገዶች ቆረጠ፤ ከስስ ላሜራ። የሁለቱንም ጠርዝ ወደ ላይ አጠፈው፤ ጎማው እንዳይወጣ ይይዛል፣ ብረቱም ደርቆ ይቆማል። ከሥር መሃል ለመሃል አንዳንድ ቱቦላሬ፣ ውስጡ ክፍት የሆነ ቀጭን ብረት፣ ሰደደበት፤ አጫጭር አግዳሚዎቹን ጫፍና ጫፉ ላይ አራርቆ፣ ክብደቱ የሚያርፍበት ወገብ ላይ አቀራርቦ በየደ። ሲጨርስ አንዱን በአንድ እጁ አነሳው። ደስ ሊለው ሲገባ ፍርሃት ያዘው። ጫፍና ጫፉን ድንጋይ ላይ አስደግፎ የሲሚንቶ ከረጢት ጫነበት፤ አልታጠፈም። ጨመረ፤ አልታጠፈም። ደግሞ ሊጨምር ሲል በሩ ላይ ጥላ አየ።

ቀቢው ነበር። ለካ የባሏ ፍርሃት የገባት እህቱ ደውላ ጠርታዋለች። ደጃፉ ላይ ቆሞ መግቢያው የጠፋው ይመስል ወዲያ ወዲህ አየ።

«አንድ ነገር ልንገርህ» አለ። «ያን ቀን መሬቱ ዘቅዘቅ ያለ ነበር። ከመሰላሉ አንዱ እግር ሥር ጡብ አደረግሁበት። ወደ ጎን ስንጠራራ ጡቡ ተንሸራተተና ክብደቴ ሁሉ ባንዱ ቋሚ ላይ ወደቀ። መሰላልህ ምንም አልነበረበትም።»

በያጁ ግራይንደሩን አነሳና መሞረድ የማያስፈልገውን ጠርዝ ይሞርድ ጀመር። ብልጭታው መሬት ላይ ተረጨ። ብዙ ቆይቶ አጠፋው።

«ስምንት ዓመት ሙሉ?»

«መጀመሪያ ከሥራ እንዳልባረር ፈራሁ። ኋላ ደግሞ አፈርኩ። እየቆየ ሲሄድ በምን አፌ ልንገርህ? እዚህ ደጃፍ በደረስኩ ቁጥር እግሬ ይታሰራል።»

«እኔ እኮ እንቅልፍ አጥቼ ነበር! አንተ እግርህን በጎተትክ ቁጥር...» ግራይንደሩን ጠረጴዛው ላይ ጣል አደረገው። ቀቢው አልሸሸም፤ ራሱን ደፍቶ ቆመ።

በያጁ ገና ያልጫነው የሲሚንቶ ከረጢት ላይ ተቀመጠ። የታጠፈውን ቋሚ ያኔ ደጋግሞ አገላብጦ አይቶታል፤ ዛሬም ዓይኑ ላይ አለ። «ቢሆንም መሃሉ ላይ ማጠናከሪያ አልነበረውም» አለ በመጨረሻ። «ቢኖረው ለመውረጃ ጊዜ ይሰጥህ ነበር። ጡቡ ያንተ፣ መሃሉ የኔ።»

ቀቢው ዓይኑን ጠረገ። ከዚያ ወደ መወጣጫው አመለከተ። «ልውጣበት?»

«ተው!»

ሲሚንቶውን ገፍትሮ አወረደና ወጣበት። እግሩን እየጎተተ መሃሉ ላይ ደርሶ ቆመ። ብረቱ በጣም በትንሹ ዝቅ ብሎ ያዘው። ቀቢው ወፍራም ሰው ነው፤ ሁለት ጊዜ እንጣጥ አለበት።

«አንተ! የቀረችህን እግር ልትሰብራት ነው!» ብላ እህቱ ከወዲያኛው ክፍል ጮኸች። በያጁ ሳቀ፤ ሳቁ ወደ ሳል ተቀይሮ ትን አለው።

በማግስቱ ጠዋት በያጁና ቀቢው አንዳንድ መንገድ ተሸክመው ሄዱ። ልጅቷ አንዱን ተቀብላ ብድግ ስታደርገው አፏን ከፍታ ቀረች፤ ብቻዋን ደረጃው ላይ አጋደመችው፣ ሌላውንም ደገመች። አባትየው ኮታቸውን ለብሰው ተዘጋጅተዋል። «ፍሬን ያዢ፣ ቀስ!» እያሉ ከኋላ ለምትይዛቸው ልጃቸው ትእዛዝ ይሰጣሉ። በያጁ ደግሞ መሬት ላይ ተንበርክኮ፣ አንገቱን አጣሞ ከሥር የብረቱን ወገብ ያያል። ጎማው አለፈ። ብረቱ ምንም አላለም። እሱ ግን ከተንበረከከበት አልተነሳም።

ሽማግሌው መንገዱ ላይ ደርሰው ግራ ቀኙን አዩ፤ አየሩን ሳብ አደረጉ። ከዚያ ዞር ብለው ጮኹበት።

«አንተ በያጅ! ሥር ሥሩን ማየት ተውና ናና ግፋኝ፤ ልጅቷ ሥራ ረፍዶባታል። ዋናው መንገድ ድረስ ውሰደኝ፣ መኪና ልይ።»

ጉልበቱን አራግፎ ተነሣና ሊገፋቸው ሄደ። ቀቢው ከጎናቸው፣ እግሩን እየጎተተ፣ ተከተላቸው።