የአዮ አልጋ አራተኛ እግር

ሮቤ የተከራየነው ቤት ባለቤት በዕድሜ የገፉ ሴት ናቸው። እኔና ባለቤቴ እንደ ሰፈሩ ልጆች «አዮ»፣ እማማ እንደማለት፣ እንላቸዋለን። አንድ ክረምት ከሠርጋቸው ጀምሮ የተኙበት አልጋ አንድ እግሩ ተሰበረ። አልጋውን የሠሩት ሟች ባላቸው ናቸው፤ ድቡልቡል እግሮቹ ላይ ዙሪያቸውን የሚጠመጠም ሐረግ ቀርጸውባቸዋል። አዮ የተሰበረውን እግር እንደ ሕፃን ታቅፈው ሲኤንሲ የምትባለው የእንጨት መቅረጫ ማሽኔ ወዳለችበት ጓዳ መጡ።

«አካም ቡልተ፣ እንዴት አደርክ፣ ልጄ? ይኼ በኮምፒውተር የምትነዳው ማሽን እንዲህ ያለ ይሠራል?»

አስተማሪ ነኝ። ማሽኗ ትንሽ ናት፤ ከትምህርት ቤት መልስ የምጫወትባት። ጠፍጣፋ ጣውላ ከመቅረጽ በቀር ክብ ነገር ነክታ አታውቅም። ግን ፊታቸውን አይቼ «አትሠራም» ማለት አቃተኝ።

«ትሠራለች፣ አዮ» አልኳቸው። አልጋውን በብሎኬት ደገፍንላቸውና እንጨት ነክሶ የሚያዞር ተጨማሪ ዕቃ ከአዲስ አበባ አስመጣሁ።

ዕቃው ሲያዩት ቀላል ነው። በአንድ ወገን ሦስት ጥርስ ያለው መንጋጋ ከነሞተሩ፣ በሌላው ወገን የእንጨቱን ጫፍ የሚደግፍ ሹል ብረት። ሁለቱንም አስሬ ለመሞከሪያ ቁራጭ እንጨት አስነከስኩና አንድ ሙሉ ዙር እንዲዞር አዘዝኩ። ዞረ። ግን ሙሉ ዙር ይሁን አይሁን በምን ልወቅ?

ባለቤቴ ጎባ ከተማ ነርስ ናት። ያን ሰዓት ከሥራ ገብታ በሩ ላይ ቆማ ታየኝ ነበር። ከቦርሳዋ የዓይን ኩሏን አውጥታ አጠገቡ ባለው የማይዞር ብረት ላይ ምልክት አደረገችና በእሱ ትይዩ እንጨቱ ላይ መስመር አሰመረች።

«በል አሁን አዙረው።»

መስመሩ ሄዶ ሄዶ የተነሳበትን ቦታ አልፎ ቆመ።

«ቤቱን አልፎት ሄደ፤ ጠጥቷል እንዴ?» ብላ ሳቀች።

ለሞተሩ የሰጠሁት ቁጥር ልክ አልነበረም። ቀነስኩ፣ ጎደለ፤ ጨመርኩ፣ አለፈ። እሷ እያጠፋች ታሰምራለች፣ እኔ አዞራለሁ። በመጨረሻ መስመሩ ከተነሳበት ላይ መጥቶ ቀጥ ሲል ሁለታችንም ጮኽን። ጣቶቿ በኩሉ ጠቁረው ነበር፤ ጉንጬን ስትይዘኝ እኔንም አጠቆረችኝ።

ቅዳሜ ጠዋት የመጀመሪያውን እግር ቀረጽኩ። ሐረጉ ግሩም ሆኖ ወጣ፤ እንጨቱ ግን ከአንድ ጫፉ ወፍሮ ከሌላው ቀጠነ። ሹሉ ብረት ከመንጋጋው ትንሽ ከፍ ብሎ ኖሯል። እንዴት እንደተናደድኩ! አዮ ግን አነሱት፣ በእጃቸው መዘኑት።

«ይኼማ ጥሩ ዘነዘና ነው» ብለው ይዘውት ሄዱ። ወዲያው ከማድ ቤታቸው የሙቀጫ ድምፅ ተሰማ። ሐረግ የተቀረጸበት ዘነዘና ያለው ሰው በሮቤ ሌላ መኖሩን እንጃ።

ንዴቴ በረደ። ቀጥ ያለ ብረት በሁለቱ መሃል አስሬ ከፍታውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ለካሁ፤ ከመንጋጋው ሥር ስስ ቆርቆሮ እየደረብኩ እኩል እስኪሆኑ ደከምኩ። ከዚያ ገሰራ የሚኖሩት የአዮ ወንድም ካመጡት አሮጌ የበር መቃን ሌላ እንጨት አስነከስኩ። እንጨቱ ቀስ ብሎ ሲዞር፣ ሐረጉ ከላይ እስከ ታች ሲጠመጠም፣ ባለቤቴና እኔ ሻያችን እስኪቀዘቅዝ ቆመን አየነው። እሷ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሰችው፣ እኔ ገጠምኩት።

አዮ ጎንበስ ብለው አራቱንም እግሮች ተራ በተራ ዳሰሱ። አዲሱ ነጣ ይላል።

«እንዲመሳሰሉ ቀለም ልቀባው?» አልኳቸው።

«ተወው። የእሱ የትኛው እንደሆነ፣ ያንተ የትኛው እንደሆነ ልወቅ።» አዲሱን እግር መታ መታ አድርገው በቋንቋቸው አመሰገኑኝ። «ገለቶሚ፣ ልጄ።»

አልጋው ላይ ተቀመጡ፤ ግራና ቀኝ ወዘወዙት፤ አልተነቃነቀም። ጫማቸውን አወለቁ።

«በሉ ውጡልኝ» አሉን፣ «ልተኛበት።»