ከጋሽ ጌታቸው የደበቅሁት ሽቦ

የሐይቅ ከተማ የሞተር ሳይክል ኤሌክትሪክ ባለሙያ የነበሩት ጋሽ ጌታቸው እንድሪስ፣ በተወለዱ በስድሳ አንድ ዓመታቸው፣ በጥቅምት ወር አንድ ማክሰኞ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ ወደ ውጫሌ በሚወስደው መንገድ ላይ በደረሰባቸው አደጋ ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተውናል። ይህን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ቀብራችኋቸዋል፣ አልቅሳችሁላቸዋል። እኔም ከእናንተው ጋር ነበርኩ። የማታውቁት ነገር ስላለ ግን፣ በአርባቸው ዕለት በእድራችን ፊት እንዲነበብ ይህን ጽፌአለሁ።

ስሜ ይመር ነው። በአምባሰል የገጠር ቀበሌዎች የእንስሳት ሕክምና ባለሙያ ሆኜ ሳገለግል ዘጠኝ ዓመት አልፎኛል። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ የምነዳቸውን ሞተሮች ያከሙልኝ እሳቸው ናቸው። «እኔና አንተ ሙያችን አንድ ነው፤ በሽተኞቻችን አፍ የላቸውም» ይሉኝ ነበር። ከዚያ ይስቁና፣ «ያንተዎቹ ግን ይራገጣሉ» ይላሉ።

ከአስፓልቱ ዳር ባለችው የቆርቆሮ ቤታቸው የሚመጣላቸው ሥራ ሌላው ባለሙያ ተማርሮ የመለሰው ነበር። አንዴ የሚሠራ፣ አንዴ የሚጠፋ፣ ሲፈልጉት የማይገኝ የኤሌክትሪክ ብልሽት። ጋሽ ጌታቸው ካቻቢቴ ከማንሳታቸው በፊት ባለቤቱን አግዳሚው ላይ ያስቀምጡና ይጠይቁታል። መቼ ነው የጠፋችው? ሲሞቃት ነው ወይስ ሳይሞቃት? ዝናብ ነበር? መሪውን ወዴት አዙረህ ነበር? ከኋላ ሰው ጭነህ ነበር? መልሱን ሁሉ በደብተር ይጽፋሉ። በመጨረሻ አንገታቸውን ቀና ያደርጉና፣ «ሌላ እጅ ገብቶባታል?» ይላሉ። ከዚህ በኋላ ነው ሞተሩን አስነስተው ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ሳብ፣ ነቅነቅ እያደረጉ፣ የአምባሰልን ዜማ በለሆሳስ እያዜሙ ብልሽቱ እስኪመጣ የሚጠብቁት። አንዳንዴ ቀኑን ሙሉ ይጠብቁታል።

«የሞተች ሞተር ቀላል ናት» ይሉ ነበር። «እየሞተች የምትነሳዋ ናት ሰው የምትፈጅ። ጠፍታ ብትነሳ ዳነች አትበል። ምክንያቱን በዓይንህ ካላየህ አልዳነችም።»

የሚያጣድፋቸውን ሰው አይወዱም ነበር፤ ቁጡም ነበሩ፤ ይህን ብደብቅ ራሳቸው ይታዘቡኛል። አንድ ጊዜ የግሸን ንግሥ ሲቃረብ አንድ ቄስ የተውሶ ሞተር ይዘው መጡና፣ «ጥያቄው ይቅርና ቶሎ ሥራልኝ፣ መንገደኛ ነኝ» አሏቸው። ጋሽ ጌታቸው ደብተራቸውን ሳይዘጉ፣ «አባ፣ እርስዎ ሰው ሲያናዝዙ እንዲህ ይቸኩላሉ?» አሉ። ቄሱ ሳቁና አግዳሚው ላይ ተቀመጡ፤ ጥያቄውንም እስከ መጨረሻው መለሱ።

ደግነታቸውን ከእኔ ይልቅ በውጫሌ በኩል ያለችው አዋላጅ ትመሰክራለች። ምጥ የያዛት ሴት ዘንድ ልትሄድ ስትል የሞተሯ ባትሪ ሞተ። ጋሽ ጌታቸው ከራሳቸው ሞተር ባትሪውን ፈትተው ሰጧት፤ ለእሷ ሌላ እስኪገኝ ድረስም ሁለት ሳምንት ሙሉ ከቤት ወደ ሥራ በእግራቸው ተመላለሱ። ሲጠየቁ፣ «ለጉልበቴ ጥሩ ነው ተብያለሁ» ነበር መልሳቸው።

አሁን ወደ እኔ ሞተር ልምጣ። ቀይ ናት። ሥራውን ጨርሶ ከወጣ አንድ ድርጅት ያገለገለች ሆና ነው የገዛኋት። አምና ጋሽ ጌታቸው የኤሌክትሪክ ሽቦዎቿን ከጫፍ እስከ ጫፍ አድሰውልኝ ነበር። ዘንድሮ ክረምቱ ሲወጣ ዳገት ላይ ሳለሁ መብራቷም፣ ጡሩምባዋም፣ ሞተሯም በአንድ ጊዜ ድርግም ይሉብኝ ጀመር። ወርጄ ትንሽ ስቆይ ምንም እንዳልተፈጠረ ትነሳለች። ለሥልጠና ደሴ በሄድኩበት ሳምንት ከተማው መሀል ቀጥ አለችና፣ በአቅራቢያው ወዳገኘሁት ባለሙያ ዘንድ ገፍቼ አስገባኋት። ሰውየው የነዳጅ ጋኗን አነሳ፤ በዋናው ሽቦ ላይ ያለውን ማያያዣ ቆርጦ ጣለ፤ ሁለቱን ጫፎች በእጁ ጠምዝዞ በፕላስተር ጠቀለላቸውና ጋኑን መለሰው። ሩብ ሰዓት አልፈጀበትም። ሐይቅ ሳልደርስ እንደገና ጠፋች።

በማግሥቱ ወደ ጋሽ ጌታቸው ወሰድኳት። ጠየቁኝ፤ ሁሉንም በትክክል መለስኩ። በመጨረሻ፣ «ሌላ እጅ ገብቶባታል?» አሉኝ።

«ኧረ በፍጹም! ከእርስዎ ሌላ ማን ይነካታል?» አልኳቸው።

ይሉኝታ ያዘኝ። ዘጠኝ ዓመት በእጃቸው ቆይቼ ሞተሬን ለሌላ ሰው ሰጠሁ ብል የሚቀየሙኝ፣ የናቅኳቸው የሚመስላቸው መሰለኝ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እያልኩ ከብቱን ወጌሻ ካስነካ በኋላ የሚክደኝን ገበሬ ስቆጣ የምውል ሰው ነኝ፤ እኔው ካድኩ።

ፊታቸው በራ። «ሸጋ! እንግዲያው ከጋኑ ሥር ያለው የገዛ እጄ ሥራ ነው፤ እሱን አልፈታም። ሌላ ቦታ እንፈልግ» አሉ። በደብተሩም ጻፉት።

ሦስት ቀን ፈለጉ። ፊውዙን፣ የባትሪውን ጫፎች፣ ቁልፏን አንድ በአንድ መረመሩ። በሦስተኛው ቀን ከመሪው አንገት ሥር፣ መሪው ወደ ግራ ሲዞር የሚታጠፈውን ሽቦ ሲነካኩ ሞተሯ ጠፋች። ልባሱን ሲልጡት ውስጡ ያለው መዳብ ተበጥሷል። «አየኸው ዶክተር? ቆዳው ደህና፣ አጥንቱ ስብር። በሬህ ቢሆን ያነክስ ነበር» አሉኝ፤ እንደ ልጅ ደስ ብሏቸው ነበር። በየዱት። መሪውን ሃምሳ ጊዜ አዞሩት፤ አልጠፋችም። ብልሽቱን በዓይናቸው አይተዋል። በልማዳቸው መሠረት ሥራው አልቋል ማለት ነው። ከጋኑ ሥር ያልታየ የሌላ እጅ ሥራ መኖሩን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

እውነቱን ልናገር ካልኩ፣ በዚያች ሰዓት አፌን ከፍቼ ነበር። የደስታቸውን መጠን ሳይ መልሼ ዘጋሁት። ምናልባት የደሴው ሰው ሥራ ደህና ይሆናል ብዬም ራሴን አታለልኩ። እሳቸው የመጨረሻውን ሙከራ ለማንም አይተዉም። የራስ ቁራቸውን አጠለቁና፣ «አብሽር ይመር፤ ውጫሌ ደርሼ ስመለስ ትረከባታለህ» ብለውኝ ሄዱ።

ዳገቱ ላይ ሞተሯ ሞቀች። አንድ ጭነት የከበደው ጋሪ ሊያልፉ ወደ መሀል መንገድ እንደ ወጡ ሞተሯም መብራቷም አንድ ላይ ጠፉ። ከላይ የመጣ የጭነት መኪና ገጫቸው። ሾፌሩ ለፖሊስ በሰጠው ቃል፣ «እግራቸውን መሬት ላይ አድርገው እየገፏት ነበር። ጥለዋት ቢሸሹ ይተርፉ ነበር» ብሏል። እኔ እንደማውቃቸው የሰው ንብረት ጥለው አይሸሹም።

በማግሥቱ ጠዋት ፖሊስ ጣቢያ ግቢ ሁለት ባለሙያዎች ተጠርተው ጋኑን አነሱ። ፕላስተሩ ቀልጦ፣ የተጠማዘዙት ጫፎች ጠቁረውና ተለያይተው ተገኙ። አንደኛው፣ «ኧረ ይሄ የጌታቸው እጅ አይመስልም» አለ። ሌላው ወደ እኔ ዞሮ፣ «ደንበኛው ይኸው ቆሟል፤ ከእሳቸው ሌላ ማን ሊነካት?» አለ። ሁለቱም መልሴን ጠበቁ። ዝም አልኩ።

ዝምታዬ ከእኔ ቀድሞ ለቅሶ ቤት ደረሰ። ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጬ ንፍሮ ስቆረጥም፣ «ሽማግሌው ዓይናቸው ደክሞ ነበር»፣ «በገዛ እጃቸው ሥራ ሞቱ» ሲባል ሰማሁ። አርባ ዓመት ያካበቱት ስም በአንድ ከሰዓት ሲፈርስ እየሰማሁ ንፍሮዬን ቆረጠምኩ። ባለቤታቸው እትዬ ብርቄም ከውስጥ ሆነው ይሰሙ ነበር።

ባለፈው ሳምንት እትዬ ብርቄ ዘንድ ሄጄ ሁሉንም ነገርኳቸው። አላቋረጡኝም። ስጨርስ፣ «ይቅር በይኝ ልትል ነው የመጣኸው?» አሉኝ።

«አዎ።»

«ኧረ ተወኝ በማርያም። እኔ ሞታቸውን ችዬዋለሁ። ያልቻልኩት ‹በገዛ እጃቸው ሞቱ› የሚለውን ነው። ሠላሳ ስድስት ዓመት አብሬያቸው ስኖር ሽቦ ጠምዝዘው ሲተዉ አላየሁም። ለእኔ የነገርከኝን ለሰማው ሁሉ ንገር። ይቅርታውን ከዚያ ወዲያ አስብበታለሁ።»

አላለቀሱም። በሩን ከፍተው እስክወጣ ቆሙ።

እንግዲህ ወዳጆቻቸው፣ ደንበኞቻቸው፣ በድንኳኑ ውስጥ የነበራችሁ ሁሉ ስሙ። የጠቆረው ሽቦ የጋሽ ጌታቸው ሥራ አይደለም። እሳቸው የሠሩት ከመሪው ሥር ያለው ብየዳ ነው፤ ሞተሯ እንደዚያ ተጨራምታም እሱ አልተነቃነቀም። ሄዳችሁ እዩት። እጃቸውም ዓይናቸውም አልደከመም። ያሳሳታቸው የእኔ ቃል ነው።

ጋሽ ጌታቸው፣ አባቴ፣ በሰላም ይረፉ። ስምዎን ዛሬ ባስጠፋሁበት ጉባኤ ፊት መለስኩት፤ እርስዎን ግን ለማንም መመለስ አልችልም። ይቅር ይበሉኝ ብዬ አልለምንዎትም። እውነቱን ብነግርዎ ኖሮ አንድ ቀን ተቆጥተው፣ አኩርፈው፣ በሦስተኛው ቀን ራስዎ ስልክ ይደውሉልኝ እንደነበር አውቃለሁ። እኔ የፈራሁት ያችን የሦስት ቀን ኩርፊያ ነበር።