ገለባ የማይበላ ዕቃ

መለሰ ዕቃ አይቶ ማለፍ የማይሆንለት ሰው ነበር። ዕቃ ማለት ለእሱ ማረሻ ወይም ድስት አይደለም፤ የሚበራ፣ የሚጮህ ወይም የሚዞር ነገር ነው። ጨው ሊገዛ መካነ ሰላም ገበያ ሄዶ የእጅ ባትሪ ይዞ ተመለሰ። ድንጋዩ ሲያልቅበት አውጥቶ ፀሐይ ላይ አሰጣና፣ ዶሮዎቹ እንዳይነኩት ሚስቱን በለጡን ጠባቂ አደረጋት። ቀጥሎ የእጅ ሰዓት መጣ። ውሃ ገብቶበት ቢቆምም አላወለቀውም። ሰዓት ሲጠይቁት መጀመሪያ ፀሐይዋን ሰረቅ አድርጎ ያያል፤ ከዚያ እጁን ቀና አድርጎ ይናገራል። ጎረቤት ሲስቅበት በለጡም አብራ ትስቅ ነበር። ያኔ ገና ሳቅ ነበር።

በስልሳ አምስት ዓ.ም. የበልጉ ዝናብ ቀረ። እህል ተወደደ፣ ከብት ከሳ። መለሰ የሰው መሬት በእኩል የሚያርስ፣ የአንድ በሬ ጌታ ነው። አንድ በሬ ደግሞ ብቻውን አያርስም። ስለዚህ ከጎረቤቱ ከአራጌ በሬ ጋር ይጠመድና፣ አንድ ቀን የአራጌ፣ በማግሥቱ የመለሰ ማሳ ይታረሳል። ይህ መቀናጆ ነው፤ የአንዱ በሬ ሲታመም የሁለቱም ቤት እንቅልፍ ያጣል።

ሰኔ ሲገባ ወደ ደሴ የተዛወረ አንድ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሬዲዮኑን ሊሸጥ መሆኑ ተሰማ። መለሰ እንጀራው አልበላለት አለ።

«በሬው እንደሆነ መኖ አጥቶ ሊሞት ነው» አላት በለጡን። «ሬዲዮን ግን ገለባ አይበላም።»

ደግሞም የእርዳታ እህል የት እንደሚታደል ሬዲዮኑ ይነግረናል፣ ከሰው ቀድመን እንደርሳለን አለ። በለጡ፣ ለአራጌ ነግረኸዋል ወይ ብላ ጠየቀችው። እነግረዋለሁ አለ። በሬውን ወደ ገበያ የነዳው ግን አራጌ ሩቅ አገር ለቅሶ በሄደበት ቀን ነው። በሽያጩ ሬዲዮኑን ወስዶ በተረፈው ገንዘብ ጥቂት ገብስ ገዛ።

ሬዲዮኑ ተናገረ። መለሰ ባሕር ዛፍ ላይ ወጥቶ ሽቦ አሰረለት፣ ድምፁም ጠራ። ስለተመረቀ መንገድ፣ ስለቡና ዋጋ፣ ስለውጭ አገር እንግዳ አወራ። ስለ ወሎ ረሃብ ግን አንዲት ቃል አልወጣውም። ከደጁ በታች ባለው መንገድ ሰዎች ልጆቻቸውን አዝለው ወደ ደሴ ይጎርፋሉ፤ ለማረፍ ከተቀመጡት የማይነሱ ነበሩ። መለሰ በዓይኑ ካየው ይልቅ በጆሮው የሰማውን አመነ። ክፉ ነገር ቢኖር ኖሮ ይነገር ነበር ይላል።

የሬዲዮኑ ድንጋይ ሲያልቅ ወደ ዘይነባ ሱቅ ሮጠ።

«አብሽር፣ መኪና ሲገባ ይመጣልሃል» አለችው ዘይነባ። «ዘንድሮ ይህን ድንጋይ የጠየቀኝ አንተ ብቻ ነህ። ሌላው የሚጠይቀኝ የሚቆረጠም ነው።»

መኪናው የገባው ጥቅምት ላይ ነው። እስከዚያ ድረስ አራጌ ለበሬው ጓደኛ ፍለጋ ያልዞረበት ቤት አልነበረም። ግማሹ ሽጧል፣ ግማሹ ቀድሞ ተቀናጅቷል። ከሚስቱ ከብርሀንነሽ ጋር መሬቱን በዶማ ሲቆፍሩ ክረምቱ አለቀ፤ የተዘራው አንድ ጥግ ብቻ ነበር። ብርሀንነሽ ያገኘችውን ለልጆቿ እየሰጠች ሰነበተችና ኅዳር ላይ ሞተች። መለሰ ቀብር ወጣ። አራጌ ዞር ብሎ አላየውም።

ከዚያ መንግሥት ተገለበጠ። የካቲት ስልሳ ሰባት ላይ ሬዲዮኑ መሬት ላራሹ ሆኗል ብሎ ተናገረ። መለሰ በየደጁ እየሮጠ አወራ፤ ሬዲዮኑ እሱን የሚመለከት ነገር ሲናገር የመጀመሪያው ነበር። የገበሬ ማኅበር ሲቋቋም ግን ሊቀ መንበር ሆኖ የተመረጠው አራጌ ነው። መለሰ ድንጋያማውን መሬት እንደሚሰጠኝ የታወቀ ነው ብሎ ተስፋ ቆረጠ። አራጌ ገመዱን ዘርግቶ እንደማንኛውም ሰው ለካለት፤ አፈሩም ደህና አፈር ነበር።

በዓመቱ የበልጉ ዝናብ መሬቱን ሲያረጥበው መለሰ ሬዲዮኑን በብብቱ ይዞ አራጌ ቤት ሄደ። የአራጌ በሬ አሁን ከሌላ ጎረቤት ከአድማሴ በሬ ጋር ተቀናጅቷል።

«አያ አራጌ፣ መሬት አገኘሁ፣ የማርስበት የለኝም» አለ። «ይህን ውሰድና ተራችሁን ስትጨርሱ ጥንዱን አውሰኝ።»

አራጌ ሬዲዮኑን ተቀብሎ አገላብጦ አየው።

«ብርሀንነሽን በቀበርን ቀን ምን ይል ነበር?»

መለሰ አልረሳውም። ሊዋሽ አሰበ፤ ግን አፉ እሺ አላለውም።

«ከውጭ አገር ስለመጣ እንግዳ ነበር የሚያወራ።»

«ስለ እኛስ?»

«ምንም።»

አራጌ ሬዲዮኑን መለሰለት። «መሬቱን የሰጠሁህ ሕግ ነው ብዬ ነው። በበሬዬ ግን ሕግም አያዘኝም።» ድምፁን ከፍ አላደረገም። «ሂድ፣ ሬዲዮንህን ጥመድ።»

መለሰ ከማሳው ሲደርስ በለጡ ዶማ ይዛ ቀድማው መቆፈር ጀምራለች። ሬዲዮኑን ድንበሩ ላይ አስቀመጠና ሁለተኛውን ዶማ አነሳ። ዕድሜ ልኩን ሲመኘው የኖረው መሬት ያን ቀን እጅግ ሰፋበት።