ባለቤት የሌለው ሳል

በእኛ ቤት ሁሉም ሰው ውሃ የሚጠጣው በየራሱ ቅል ነበር። የአማቴ ሕግ ነው። በየቅሉ ላይ በጋለ ብረት የተተኮሰ ምልክት አለ፤ የእኔ ሁለት ጭረት፣ የባሌ መስቀል፣ የግመል ነጂያችን ጨረቃ። ከሥራ በኋላ ቅሎቹ በአመድና በፍል ውሃ ይታጠቡና የአጥሩ እሾህ ላይ ተደፍተው ፀሐይ ይመታቸዋል። ሌላ ቤት ሙሽራ ስትገባ ወጥ ሠርታ ታሳይ ይባላል፤ እኔን ግን አማቴ መጀመሪያ ያዩት ጥፍሬን ነው። "ይኸን ይዘሽ ነው ከጭልጋ ድረስ የመጣሽ?" አሉኝ። የሠርጌ ሳምንት ስለ ነበር እጄን ነጠላዬ ውስጥ ሸሸግኩ።

መተማ የወረድኩት ጣሊያን ጎንደርን ከያዘ በኋላ ነው። የባሌ ቤት የሚተዳደረው በሰሊጥ ዘይት ነበር። በግቢው ጥግ፣ በሣር ዳስ ሥር፣ ከወፍራም ግንድ የተፈለፈለ ሙቀጫ ተተክሏል፤ ዓይኑ በጨርቅ የተሸፈነ ግመል ቀኑን ሙሉ እየዞረ ዘነዘናውን ያሽከረክራል። ሰሊጡ እየላመ ሲሄድ ዘይቱ ይንቆረቆራል። ባሌ ዘይቱን በአህያ ጭኖ ወደ ጎንደር ይወጣል፤ ቤቱንና መጭመቂያውን የሚያዙት እናቱ ናቸው።

ዝናቡ አልፎ ንፋሱ ሲቀዘቅዝ ጉንፋን ከነጋዴው ጋር ወደ ከተማው ይገባል። ያኔ የአማቴ ሕግ እጥፍ ይሆናል። ዘይት ገዢ ከበሩ አያልፍም፤ ማሰሮውን በረጅም ባላ ጫፍ አንጠልጥሎ ያቀብላል። ምራቁን የሚተፋ ሰው አመድ ወደ ሞላው ጉድጓድ ይሄዳል። ሰሊጥ የሚያበጥር አፉን በጨርቅ ይሸፍናል፤ ጨርቁም በእንዶድ ታጥቦ ይቀቀላል። ጎረቤቱ "ያ ቤት የሚጨምቀው ዘይት ነው ወይስ ሜሮን?" እያለ ያሽሟጥጠን ነበር። አማቴ ሰምተው እንዳልሰሙ ያልፋሉ። በዚያ ክፉ ኅዳር፣ በሽታው አገሩን በፈጀ ጊዜ፣ ከሞላ ቤት እሳቸውንና ያኔ ሕፃን የነበረውን ባሌን ብቻ አስቀርቶ ስለ ሄደ የጎረቤት ወሬ አያስጨንቃቸውም።

ሆኖም ሕጉ አንድ ጊዜ ላልቶ ነበር። በቀደመው ዓመት ከደጋ የመጣ ዘመድ እያሳለ ገባ። ዘመድን በባላ ጫፍ አይቀበሉትም። በቤቱ ቅል ጠጣ፤ የበኩር ልጄን ጉንጭ ለጉንጭ ሳመው። ልጄ ለጥምቀት በዓል ሳይደርስ ሞተ። አማቴ እኔ ፊት አላለቀሱም። ቅሉንና ልጁ የተኛበትን ቁርበት ደጅ አውጥተው አቃጠሉና እሳቱ እስኪከስም ቆመው አዩት።

በተከታዩ ክረምት ሴት ልጅ ወለድኩ። እስከ ጥቅምት ድረስ ይህች ልጅ ከአማቴ ጀርባ ወርዳ አታውቅም፤ እኔ የማገኛት ለጡት ብቻ ነበር፣ ለዚያውም ተቆጥተውኝ ነው የሚሰጡኝ። ከዚያ አንድ ጠዋት ልጂቱን ላቀብላቸው እጄን ስዘረጋ ሁለት እጃቸውን ወደ ኋላ አደረጉ። "እጄ ዘይት ነክቷል" አሉ። በማግስቱም ዘይት ነበር። ቆይቶ ዱቄት ሆነ፤ ከዚያም እበት። ባሌ ያን ጊዜ ጎንደር ነበር፤ ጣሊያኖች በመንገዱ ያለ ፈቃድ አናስኬድም ብለው ይዘውት ቀርቷል። የሚያጽናናኝ ሰው የለም። የሞተው ወንድ ስለ ነበር እስከ መጨረሻው ታዘለ፣ ይህቺ ሴት ስለሆነች ተጣለች አልኩ በልቤ፤ ክፉኛም ተቀየምኩ።

ሳሉ የተሰማው በዚያው ሰሞን ነው።

ቆላው የደረቀውን ሣር የሚያቃጥልበት ወቅት ነበር። ሰማዩ በጭስ ይሸፈናል፤ ፀሐይዋ በእኩለ ቀን እንደ ፍም ቀልታ ትታያለች፣ ዓይን ሳያርገበግቡ ማየት ይቻላል። ከየት እንደሚመጣ የማይታወቅ ጥቁር አመድ በዝምታ ይወርዳል፤ ባጠብነው ቅልና ባሰጣነው ልብስ ላይ ያርፋል። ከተማው ግማሹ ባዶ ነበር። ከአጥራችን ጀርባ ያለው ቤት ሰዎች ጣሊያንን ሸሽተው ወደ ሱዳን ተሻግረዋል፤ በራቸው በገመድ ታስሯል።

አንድ ቀን ቀትር ላይ ግመሉ ቆሞ ከሰሊጡ የተረፈውን ፋጉሎ እየበላ ነበር። ድንገት ማኘኩን ተወ፤ በታሰረ ዓይኑ ወደ ጓሮ ዞረ። ከዚያ እኔም ሰማሁት። ሁለት አጫጭር ሳል፣ ከዚያ አንድ ረዥም፣ አፉን ይዘው እንዳፈኑት የሚታነቅ። ከሰው አፍ የወጣ አይመስልም፤ ከመሬት ሥር የሚመጣ ነው የሚመስለው። ግመል ነጂው፣ ከገላባት ማዶ የመጣ ጭምት ሽማግሌ፣ መቁጠሪያውን ጨበጠ።

"ወላሂ፣ ያ ባዶው ቤት ነው" አለ።

አብረን ሄደን አየነው። የበሩ ገመድ እንደ ታሰረ ነው። በደጁ ላይ የወረደው አመድ ሥሥ ሆኖ ተነጥፏል፤ የሰው ቀርቶ የዶሮ እግር አልረገጠውም። ሽማግሌው ኋላ ኋላ እየሄደ ተመለሰ። እኔም ጀርባዬን ለዚያ በር መስጠት ፈራሁ።

ለአማቴ ስነግራቸው የአመዱን ጉድጓድ እያማሰሉ ነበር፤ ቀና አላሉም።

"ሰምቼዋለሁ" አሉ። "ያ የኅዳሩ ነው። ድምፁን አስቀድሞ ልኮ ነው የሚመጣ። ልጂቱን ከጓዳ እንዳታወጪ፤ ማንም ሰው አጠገቧ አይድረስ፣ እኔም ብሆን።"

ከዚያ ወዲያ ሳሉ በየቀኑ መጣ። ከቁጥቋጦው በኩል የሰማን ይመስለናል፣ ሄደን ስናይ ባዶ ነው። ልጄን ጓዳ ሆኜ ሳጠባ ከግድግዳው ወዲያ፣ በክንድ ርቀት ይሰማኛል፤ ልጂቱ ጡቱን ትታ ጣሪያ ጣሪያውን ታያለች። ያን አስተያየቷን ስጠላው! ብድግ ብዬ ስወጣ ጓሮው ጭር ብሏል፤ አማቴ ብቻ ራቅ ብለው ጀርባቸውን ሰጥተው ቆመዋል። ሌሊት ሌሊት እንቅልፍ እምቢ አለኝ። የልጄን ትንፋሽ እያዳመጥኩ፣ ይህቺንም ወስዶ ሊሄድ ነው እያልኩ አነጋለሁ።

የሚያስፈራኝን ሰው ላድርገው ብዬ ደግሞ ሽማግሌውን ጠረጠርኩት። አማቴን "እሱ ነው እየተደበቀ የሚያስለው፤ ያሰናብቱት" አልኳቸው።

"እሱ አይደለም።"

"እንዴት ያውቃሉ?"

"አውቃለሁ አልኩሽ። የሰው እንጀራ አትዝጊ።"

የኅዳር ዐሥራ ሁለት እለት፣ ኅዳር ሲታጠን፣ በየደጁ ጥራጊው ተከምሮ ጠበቀ። ክፉው በሽታ ካለፈ ጀምሮ ሰው ሁሉ በዚያ ቀን ቤቱን ጠርጎ ቆሻሻውን ያጤሳል። አማቴ ያን ቀን እንደ ዓመት በዓል ሲጠብቁት ሰንብተዋል። ገለባውን፣ ያረጀውን ቆዳ፣ የሙቀጫ ቤቱን ጥራጊ፣ እስከ በርበሬው ዛላ ድረስ በእጃቸው ቆለሉት። እሳቱን ከመለኮሳቸው በፊት ጣታቸውን አርሰው ንፋሱን ለኩ።

"ልጂቱን ይዘሽ በንፋሱ ራስ በኩል ቁሚ" አሉኝ። "ጭስ እንዳይነካት።"

ጭሱ ሲነሳ ከተማው ጠፋ። ጎረቤት ጎረቤቱን ማየት አቃተው፤ ሳሉ ብቻ ከየደጁ ይሰማል። የበርበሬው ጭስ ሽማግሌውን አስለቀሰው፤ እያሳለ ይስቃል፣ እየሳቀ ይሳደባል። አጥር ለአጥር ሰው ሁሉ ያስላል፣ ሰው ሁሉ ይስቃል። እኔም ከዳር ሆኜ ሳልኩ። በዚያ ቀን ሳል የሚያሳፍር ነገር አይደለም።

አማቴ ጭሱ መካከል ገብተው ቆመው ነበር። ነጠላቸውን ወደ አፋቸው አላነሱም። አንድ ወር ሙሉ የተጠራቀመ ሳል እንዳለባቸው ሰው፣ ጉልበታቸውን ይዘው፣ ሆዳቸው እስኪታጠፍ ሳሉ። ሁለት አጫጭር፣ ከዚያ አንድ ረዥም። ረዥሙን በዚህ ቀን አላፈኑትም። የጓሮው ሳል ነበር። ንፋሱ ጭሱን ወስዶ ሰው ሁሉ ዓይኑን ጠርጎ ዝም ሲል፣ እሳቸው ማቆም አቃታቸው። በፀጥታው ውስጥ የእሳቸው ሳል ብቻ ቀረ። ቀና ሲሉ ዓይን ለዓይን ተያየን፤ እንዳወቅኩ አወቁ።

ሳል ይዞ ስርቆት፣ ቂም ይዞ ጸሎት ይባላል። ሳሉ የእሳቸው ነበር፣ ቂሙ የእኔ። ጉሮሯቸውን ሲከረክራቸው ጓሮ ወዳለው ባዶ የእህል ጉድጓድ እየሄዱ፣ ራሳቸውን ወደ ውስጥ አስገብተው ነበር የሚያስሉት፤ መሬት ይዋጠው ብለው። መሬት ግን አልዋጠውም፤ ባሻው በኩል አወጣው።

"ምነው ለእኔ እንኳ ሳይነግሩኝ?" አልኩ፤ እንባዬ መጣ።

"ብነግርሽ ታስታምሚኝ ነበር" አሉ ከሩቅ ሆነው። "ታስታምሚኝና ለእሷ ታመጪላት ነበር። ልጄ እስኪመለስ ልቆይ ብዬ ነው እንጂ፣ እኔ ከወጣሁ ቅሉን ማን ያጥባል ብዬ።"

ያኔውኑ ቅላቸውንና አንድ ቁርበት ይዘው ወደ ሰሊጥ ማሳችን ጠባቂ ጎጆ ወረዱ። በበሩ ሲያልፉ መቃኑን እንኳ አልነኩም። ልከተላቸው ስል "መቃኑን በአመድ ውሃ እጠቢው" አሉኝ። ነጠላ ጫማቸውን እንኳ እሳቱ ውስጥ ጥለው በባዶ እግራቸው ነው የሄዱት።

ምግብ እወስድላቸው ነበር፤ ድንጋይ ላይ አስቀምጬ እመለሳለሁ፣ ከሄድኩ በኋላ ወጥተው ይወስዳሉ። ጥምቀት ከማለፉ ሞቱ። ባሌ ፈቃድ አግኝቶ ሲመጣ መቃብራቸውን ነው ያሳየሁት። ሰው ለለቅሶ እንዳይሰበሰብ፣ እየተቃቀፈ እንዳይላቀስ አስቀድመው ሽማግሌውን አዘውት ነበር። አገሬው ይህን እንደ ክፋት ቆጠረው፤ ይቁጠረው።

ለመጨረሻ ጊዜ ያየኋቸው ከጥምቀት በፊት ባለ አንድ ረፋድ ነው። ልጄ የመጀመሪያ ጥርሷን አውጥታ ነበር። ሳያዩት እንዳይቀሩ ብዬ በንፋሱ ራስ በኩል፣ ከጎጆው ራቅ ብዬ ቆሜ ልጂቱን ከፍ አደረግኳት። አማቴ ከስተው በጎጆው ደጃፍ ተቀምጠዋል።

"እናቴ፣ ጥርስ አወጣች!" ብዬ ጮህኩ።

"አስቂያት እስቲ!"

አንገቷን ስኮረኩራት ሳቀች። እሳቸውም ሳቁ፤ በሳቁ መካከል ሳሉ መጣ፣ ፊታቸውን ወደ ጎጆው አዙረው ጨረሱት። "የእኔ እናት፣ የእኔ ዓለም" አሉ ሲመለሱ፤ እንዲህ ሲሉ ከጥቅምት ወዲህ ሰምቼ አላውቅም። ሁለት እጃቸው፣ የሚቀበሉ ይመስል፣ በአየር ላይ ተዘረጋ። ሳላስበው ወደ ፊት ተራመድኩ። ከዚያ የሰሊጡ ገለባ ወደ እኛ ሲንከባለል አየሁ፤ እሳቸው ቀድመው አይተውታል።

"ንፋሱ ዞሯል" አሉ፤ እጃቸውን ሰበሰቡ። "ሂጂ።"

አልሄድኩም። አፋቸውን በነጠላቸው ግጥም አድርገው ይዘው፣ እስከዚያ ቀን ከእሳቸው ባልሰማሁት ድምፅ "ሂጂ አልኩሽ!" ብለው ጮኹብኝ። ልጄን ደረቴ ላይ አጣብቄ ሮጥኩ። ቤት ደርሼ እጄን በፍል ውሃ ስታጠብ ነው ያለቀስኩት።