አፈር የመለስኩበት ፍም

ይህን ለባለቤቴም ሆነ አብረውኝ ለሚጸልዩት ተናግሬ አላውቅም። እርስዎ አያውቁኝምና ልንገርዎት።

ከስድስት ዓመት በፊት ከቤተ ክርስቲያናችን ወጣቶች ጋር ከሲኤምሲ በላይ ወዳለው የባሕር ዛፍ ጫካ ለሽርሽር ወጥተን ነበር። ሥጋ ጠበስን፣ ዘመርን። ከሰዓት በኋላ ዕቃችንን ስንሸክፍ አስተባባሪያችን በረከት በጀሪካን ውሃ ሰጠኝ። እሳቱን ያነደደው እሱ ነበር።

«አፍስሰህ በእንጨት አማስለው፣ ከዚያ ደግመህ አፍስስ። መቀዝቀዙን በእጅህ ሳታይ እንዳትመጣ፤ ሰው የሚያልፍበት ነው» አለኝ።

እሺ አልኩት። ምን አደረግሁ መሰለዎት? በዚያ ውሃ ጫማዬን አጠብኩ። አዎ፣ ጭቃ የነካውን ነጭ ስኒከሬን! ከዚያ ፍሙ ላይ በእግሬ አፈር መለስኩበት። ጭሱ ጠፋ።

«ቀዘቀዘ?» ሲለኝ «ቀዝቅዟል» አልኩ። እጄን እንኳ አላስጠጋሁም።

መኪናው ጋ ሳንደርስ ጩኸት ሰማን። ቅጠል የሚለቅሙ አንዲት እናት፣ እማማ ድንቄ፣ አፈር ብቻ መስሏቸው ረግጠውታል። የፕላስቲክ ጫማቸው ቀልጦ ከእግራቸው ቆዳ ጋር ተጣብቋል። 

በረከት አዝሏቸው ሮጠ። «እናቴ፣ ይቅር ይበሉኝ፤ እሳቱን ያነደድኩት እኔ ነኝ» ይላቸዋል። እኔ ከኋላ እየተከተልኩ፣ ሁሉም እየሰማ፣ «ምነው በደንብ ብታጠፋው ኖሮ!» አልኩት።

ዞር ብሎ አየኝ። ውሃውን ለማን እንደሰጠ ያውቃል። እንድናገር ጠበቀኝ መሰለኝ። የመኪናውን በር ልከፍት ቀደምኩት። እሱም ስሜን ሳያነሳ እማማን ወደ መኪናው አስገባ።

የቤተ ክርስቲያናችን መሪዎች አስተባባሪነቱን ከእሱ ወስደው ለማን ሰጡ? ለእኔ። ተቀበልኩ! በሚቀጥለው ሽርሽር ቆሜ ስለ እሳት ጥንቃቄ አስተማርኩ፤ ወጣቶቹም አሜን አሉኝ። በረከት በዚያው ሰሞን ቁስላቸውን ለማሳጠብ እማማን በየሁለት ቀኑ ክሊኒክ ያመላልሳቸው ነበር። እኔ አንድም ቀን አልጠየቅኋቸውም።

ባለፈው ዓመት ጉርድ ሾላ ታክሲ ስጠብቅ አገኘኋቸው። ያነክሳሉ። አወቁኝ፣ ሳሙኝም።

«ያ ያዘለኝ ልጅ ደህና ነው? ጥፋቱ የእሱ አይመስለኝም፤ ሆዴ አይቀበለውም» አሉኝ።

ምን አልኩ? «ደህና ነው እማማ» ብዬ ታክሲ ውስጥ ገባሁ።

ልጅ ነበርኩ አልልም፤ ሃያ ሰባት ዓመቴ ነበር። ደነገጥኩ አልልም፤ አልደነገጥኩም፣ አሰብኩበት። ይቅርታም ከእርስዎ አልለምንም፤ የተቃጠለው እግር የእርስዎ አይደለም። እማማ ገርጂ ናቸው፣ በረከትም ስልኩን አልቀየረም። እኔ ግን ለማያውቁኝ ሰው መናገሩን መረጥኩ።