የእትዬ ወርቄ ቱና

ትናንት ዶርም ውስጥ አብሮኝ የሚኖረው ልጅ ቱና ሲከፍት የዘይቱ ሽታ ክፍሉን ሞላውና፣ ማንበቤን ትቼ በሐሳብ ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ እትዬ ወርቄ በር ላይ ደረስኩ።

እትዬ ወርቄ ከእኛ ፊት ለፊት ከወንድ ልጃቸው ጋር የሚኖሩ፣ የኮሪደሩን ልጆች ሁሉ በእናቶቻችን ፈንታ የሚቆጡ ባልቴት ነበሩ። አንድ ዓመት በሁዳዴ ጽኑ ታመው ከሆስፒታል ሲወጡ ሐኪሙ እንቁላልና ወተት ካልወሰዱ አቅም እንደማያገኙ ነገራቸው፤ እሳቸው ግን ከአጥሚት በቀር ምንም አልቀምስም ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ልጃቸው ደረጃው ላይ ተቀምጦ ሲያለቅስ ያየሁት ያኔ ነው፤ ትልቅ ሰው ሲያለቅስ አይቼ ስለማላውቅ የሚስቅ መስሎኝ ነበር።

የሚኒባስ ሹፌር የሆነው አባቴ መላ ያገኘ መስሎት ቱና ገዝቶ መጣ። ዓሣ የጾም ነው አይደለም የሚለው ክርክር በፎቃችን በየዓመቱ የሚነሣ ቢሆንም፣ ያን ቀን ጎረቤቱ ሁሉ የጾም ነው ብሎ ተስማማ፤ እናቴም በሽንኩርትና በቃሪያ ለውሳ ከዳቦ ጋር አቀረበችላቸው። እትዬ ወርቄ እጃቸውን ሲዘረጉ፣ ወሬ ማሳመር የሚወደው አባቴ ዝም ማለት አቃተው።

«የሐይቅ ዓሣ እንዳይመስልዎት እትዬ። ይሄ ውቅያኖስ ውስጥ ከእኔ ሚኒባስ ይፈጥናል፤ ትንንሾቹን ዓሦች እያባረረ ነው የሚውጣቸው።»

እጃቸው ተመለሰ።

«እሱ ራሱ ሥጋ በል ነዋ» አሉ። «ያልጾመውን በልቼ ጾምኩ ልበል?»

እናቴ አባቴን በዓይኗ ከክፍሉ አስወጣችው።

ከሰዓት በኋላ የንስሐ አባታቸው ተጠርተው መጡ፤ ነገሩን ከአባቴ አፍ ሲሰሙ ሳቃቸውን በነጠላቸው ሸሸጉና እትዬ ወርቄን በክርስትና ስማቸው ጠሯቸው።

«ወለተ ማርያም፣ ላባረረው እሱ ይጠየቅበት። አንቺ ታመሻል፤ ፈቅጄልሻለሁ፣ ብዪ።»

አማትበው በሉ፤ እኛም ሲያኝኩ ቆመን አየን። የዚያን ዓመት ፋሲካ በእግራቸው ሄደው አስቀደሱ።

ከጊዜ በኋላ ልጃቸው ከከተማው ዳር ቤት አገኘና ይዟቸው ሄደ፤ ማረፋቸውን የሰማነው ከቀብራቸው በኋላ ነው። ቤታቸው ውስጥ አሁን ተከራዮች ይኖራሉ፤ ስንተላለፍ ሰላም እንባባላለን። ባለፈው ወደ ቤት ስሄድ ከበሩ ጀርባ የሚያስል ሰው ሰማሁ፤ ማን እንደታመመ፣ ይጹም አይጹም፣ ከእኛ ቤት የሚያውቅ አልነበረም።